በአባቴ ሬዲዮ የተጫወትኩት ብሉዝ

አሁን አሁን የሰፈር ልጆች ጊታራቸውን አንግተው ይመጡና፣ ጋሼ፣ በትንሽ ብር ጥሩ የብሉዝ ድምፅ እንዴት ይገኛል፣ የጃዝ ፊውዥኑስ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ክር አረጀ ብላችሁ አትጣሉ፣ ቀቅሉት እላቸዋለሁ። ቶን የምትባለዋን ቁልፍ አትፍሯት፤ ገና ጣታችሁ ሳይፈታ ውድ ማሽን አትግዙ፣ ለአህያ ማር አይጥማትም እላቸዋለሁ። እየሳቁ ይሄዳሉ። አንዱን መንገድ ግን አልነግራቸውም። ከሁሉም የሚረክሰው፣ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው፤ አባቴን ያጣሁትም በእሱ ነው።

የማወራው ስለ ባድመው ጦርነት ጊዜ ነው። የምንኖረው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ በነበረ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነበር፤ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። አሁን ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። እናታችን ልጆች ሳለን ሞታለች። ታላቅ ወንድሜ ጦርነቱ እንደተጀመረ ተመዝግቦ ዘመተ። የሚሄድ ለት በር ላይ ቆሞ አናቴን ኮርኮም አደረገኝና፣ ያንን ጊታርህን ስትጎተጉት አባባን እንዳትረሳቸው አለኝ። ሳቅሁበት። የሚረሱ ሰው አልነበሩማ።

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው፣ ታይፕ ፊታቸው አስቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በእጃቸው ያላለፈ ውርስ፣ ያላለፈ ፍቺ፣ ያላለፈ የአጥር ክርክር የለም። ኋላ የዓይን ግፊት ያዛቸውና ፊደሉ ሁሉ ጭጋግ ሆነባቸው። ታይፑን ሸጡት። ከዚያ ወዲህ ዓለም ማለት ለእሳቸው ሬዲዮ ሆነ። ሬዲዮኑ ከእናቴ ጋር ሲጋቡ የተገዛ ነው። የእንጨት ሣጥን ያለው፣ በመስታወት አምፖል የሚሠራ፣ ሲከፍቱት አምፖሎቹ እስኪግሉ ድረስ ዝም ብሎ የሚያስጠብቅ አሮጌ ዕቃ። ከአልጋቸው በላይ መደርደሪያ ላይ፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ላይ ተቀምጧል።

ወንድሜ ከዘመተ በኋላ ዜና አያመልጣቸውም። የጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ የቀኑ ሰባት ሰዓት፣ የማታው ሁለት ሰዓት። በዜና ሰዓት እንኳን ሰው ሊያወራ፣ የድስት ክዳን አይንኳኳም። ወንድሜ ሁለት ደብዳቤ ልኮ ዝም ብሏል። ዜና አንባቢው በሬዲዮ ስለ ግንባሩ ሲያወራ ግን አባቴ ስለ ልጃቸው ብቻ የሚነገራቸው ያህል ያዳምጣሉ። ዜናው ሲያልቅ «ዛሬ ደህና ነው» ይሉኛል። ከምን እንዳወቁት አልጠይቃቸውም። እሳቸው ደህና ነው ካሉ እኔም ደህና ነው ብዬ ወደ ጊታሬ እመለሳለሁ።

ጊታሬ ኮሪያ ሠራሽ ነበር። ቀይ ቀለሙ የተላጠ፣ አንገቱ ትንሽ የጎበጠ፣ ወደ ውጭ ከሚሄድ ሙዚቀኛ ላይ ከወንድሜ ጋር ተዋጥተን የገዛነው። ያኔ ክር እንደ ልብ አይገኝም። ቀጭኗ ክር ስትበጠስ የብስክሌት ፍሬን ገመድ ተርትሬ አንዷን ዘለላ እወጥርባታለሁ፤ ጣቴን ትበላዋለች እንጂ ትሠራለች። ማጉያዬ ደግሞ የጫማ ካርቶን የምታክል የቻይና ዕቃ ነች። በዚህች ሀብቴ ነው እንግዲህ ሁለት ዓይነት ድምፅ አምሮኝ የተነሳሁት።

የጃዝ ፊውዥን ድምፅ ክብ ነው። ጠርዝ የለውም። የፈለጉትን ያህል ቢሮጡበት ኖታው ከኖታው አይጨማለቅም። እሱን ያለ ገንዘብ አግኝቼው ነበር። ወፍራም ክር፣ ከአንገቱ በኩል ያለችው የክሩን ድምፅ የምትለቅም ማግኔት ብቻ፣ ቶኗ እስከ ግማሽ ተቀንሳ፤ ከዚያ ማጉያዋን ባዶ በርሜል አፍ ላይ እደፋታለሁ። ድምፁ በርሜሉ ውስጥ ዞሮ ሲመለስ፣ ሀብታሞቹ በማሽን የሚያመጡትን ማስተጋባት ትንሽ ትንሽ ይሰጠኛል። የግቢው ሰው ልጁ ለየለት ብሏል፤ ይበል፤ ድምፁ ግን መጥቷል።

ብሉዙ እምቢ አለኝ። የብሉዝ ድምፅ መሰንጠቅ አለበት። ጠንከር አድርገው ሲመቱት የሚጮህ፣ ለስለስ ሲያደርጉት የሚያጉረመርም መሆን አለበት። የኔዋ ማጉያ እስከ ጥጓ ስትከፈት የምታወጣው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ጩኸት ነው። ቶኑን ብቀንስ ዝንቡ ብርድ ልብስ ለበሰ። ክሩን ባቀጥን ዝንቡ ባሰበት። ስድስት ወር ተሟገትኩ። አንድ ቅዳሜ አባቴ እድር ስብሰባ ሲሄዱ የሬዲዮኑን ጀርባ ሳይ፣ ድሮ የሸክላ ማጫወቻ የሚሰካባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አገኘሁ። የጊታሬን ሽቦ ልጬ ሰካሁት።

እግዚኦ፣ ያ ድምፅ! አምፖሎቹ እስኪግሉ ጠብቄ ድምፁን ወደ ላይ አደረግኩትና አንዲት አምባሰል ነካ አደረግኩ። ኖታዋ ከመሃሏ ተሰነጠቀች፤ የሰው ጉሮሮ ነው የሚመስለው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ምን ይደብቁታል። አጠገባችን ያለችው ወሎየዋ ጎረቤታችን፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ ወጥ የማታጓድልብን ሴት፣ በሩን ገፋ አድርጋ ማን ሞተ ብላ ጠየቀችኝ። ማንም አልሞተም፣ ጊታር ነው አልኳት። እስቲ በሞቴ ድገመው ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

አባቴ ደርሰው ሰሙት። በሬዲዮናቸው በመቀለዴ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙና የበርሜሉንም ድገመው አሉኝ። ደገምኩት። ሁለቱንም አንድ በአንድ አሰማኝ አሉ፤ አሰማኋቸው።

«ይኼ የሬዲዮኑ ድምፅ ባለጉዳዩ ራሱ ነው» አሉኝ። «እንባውን እየጠረገ፣ ነገሩን እያመሰቃቀለ የሚነግረኝ። ያ የበርሜሉ ደግሞ እኔ የምጽፍለት ማመልከቻ ነው። ንጹሕ ነው፤ ማን እንዳለቀሰ ግን አይታወቅበትም።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ጊታር ድምፅ ብዙ ሰምቻለሁ፣ ከውጭ የተማሩም ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የነገረኝ የለም። በዜናና በዜና መሃል ለግማሽ ሰዓት ፈቀዱልኝ። ከመደርደሪያው ግን እንዳታወርደው አሉኝ።

አሁን ስለ መርዶ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ነገሬ አይገባም። አባቴ ዓይናቸው እስኪደክም የእድራችን ጸሐፊ፣ ኋላም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። በዚያ ጦርነት ጊዜ ቀበሌው የሞተ ልጅ ስም ሲመጣለት ቀድሞ የሚነግረው ለእድሩ ሽማግሌዎች ነው። መርዶ ደግሞ እንዲሁ ዘው ተብሎ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፤ የታመመ ካለ ያገግማል፤ ሰዉ ይመክራል፤ ከዚያ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ይገባሉ። እስከዚያ ድረስ ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ የማታውቀው እናቲቱ ብቻ ነች። ብትጠይቅም ሁሉም ይክዳታል። ደህና ነው፣ ደብዳቤ ይመጣል ይሏታል። መካድ ግዴታ ነው።

ከኋላ ክፍል የምትኖር አንዲት ሴት ነበረች፤ የልጇ ስም መጣ። ዘመዶቿ ከገጠር እስኪደርሱ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረብን። እሷ ግን ምስኪን፣ ሬዲዮዋን ከፍታ ከዘፈኑ ጋር እያንጎራጎረች ልብስ ታጥባለች። አባቴን አላስቻላቸውም። ልጇ አፈር ገብቶ እሷ ዘፈን ስትሰማ መዋሏ ኋላ ሲነገራት ይጸጽታታል አሉ። እኔን ጠሩኝና፣ ሬዲዮሽ ያንኮሻኩሻል ላስተካክልልሽ ብለህ ግባ፤ ከጀርባው ፊውዟን አውጣ፤ ተበላሽቷል ጥገና ልውሰደው ብለህ ይዘኸው ና አሉኝ። አደረግኩት። እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ ብላ መረቀችኝ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ተነገራት፤ ጩኸቷን አሁንም እሰማዋለሁ። ያን ለት አባቴ፣ መርዶ ያለበት ቤት ቀድሞ ዝም የሚለው ሬዲዮው ነው ብለው ሲናገሩ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለድምፅ የሰለጠነ ጆሮ ነው የምለው ጆሮዬ!

ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የመጣው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በግቢው ሙዚቃ ያሰማል። የባንዱ መሪ ኪቦርድ የሚጫወት ጠና ያለ ሰው ነው፤ ጊታሪስቱ ጥሎት ወደ ውጭ ወጥቶበታል። ማጉያዬንና በርሜሌን በጋሪ አስጭኜ ሄጄ ተፈተንኩ። በርሜሉን ሲያይ ሳቀ፣ ድምፁን ሲሰማ መሳቁን ተወ። ከዚያ ብሉዝ ንካ አለኝ። ነካሁ። ራሱን ነቀነቀ። ፊውዥንህ ጥሩ ነው፣ ብሉዝህ ግን ፕላስቲክ ነው አለኝ። የመጀመሪያው ሰዓት ጃዝ፣ ሁለተኛው ብሉዝ ነው፤ የፊታችን ቅዳሜ ሁለቱንም ድምፅ ይዘህ ና፣ አለዚያ ሌላ ልጅ አለኝ አለኝ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም። አባቴን ለምኜ ማስፈቀድ እችል ነበር። ግን ግንባሩ የጦፈበት ሰሞን ነው፤ አንድ ዜና እንኳ አይለቁም። እምቢ ቢሉኝስ? እምቢ ካሉኝ በኋላ መውሰድ ስርቆት ይሆናል፤ ሳልጠይቅ ብወስደው ግን… ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ጠበቃ ይወጣዋል! ከራስ በላይ ነፋስ ነው መቼስ። ዓርብ ጠዋት ሽንት ቤት ሲወጡ ከሬዲዮኑ ጀርባ ፊውዙን አወጣሁና ኪሴ ከተትኩት።

ለሰባት ሰዓቱ ዜና ቁልፉን ጠመዘዙ። ዝም አለ። እስኪሞቅ ጠበቁ። ዝም አለ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ጀርባው ሰደዱና በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው ፊውዙ የነበረበት ቦታ ላይ ቆየ። አሁን ተያዝኩ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው እጃቸውን መለሱና አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ጥገና ልትወስደው ነው?» አሉኝ።

ተክለ ሃይማኖት የማውቀው ሠሪ አለ፣ አባባ፣ በሁለት ቀን ይመልስልኛል አልኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። እሺ፣ ውሰደው አሉኝ። ያን ጊዜ የታየኝ ሳልያዝ መውጣቴ ነው። በአንሶላ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ፤ ዳንቴሉ ባዶውን ቀረ።

ሥራውን አገኘሁ። ባንድ መሪው ሬዲዮኑን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ አምፖሎቹን አየና፣ አራዳ ነህ አለኝ። ሁለት ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቤት ማምጣት እችል ነበር፤ ልምምድ አለ፣ ታክሲው ያንገጫግጨዋል እያልኩ ሆቴሉ ዕቃ ቤት አስቆልፍበት ጀመር። እውነቱን ልናገር? አንዴ ቤት ከገባ ተመልሶ አይወጣም ብዬ ነው። በመጀመሪያው ክፍያዬ ትንሽ የባትሪ ሬዲዮ ልገዛላቸው እችል ነበር። አዲስ ክር ገዛሁ።

አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ሠሪው ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ከመርካቶ እያስፈለግኩ ነው አልኳቸው። «አትቸኩል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልጠየቁም። ገላገሉኝ ብዬ ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንደሚባለው የኔም ቀለለኝ፤ ጭራሽ ረሳሁት።

ጢማቸው አደገ። ምላጭ ስጣቸው ብባል ኖሮ እሰጣቸው ነበር፤ ማንም አላለኝም፣ እኔም አላየሁም። ወሎየዋ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ይዛኝ፣ አባትህ እህል መቅመስ ትተዋል፣ አልጋቸውን ትተው መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈው እየተኙ ነው፣ ምን ደበቅከኝ ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምንም አልደበቅኩሽም እትዬ፣ በእርጅና ነው አልኳት። መሬት የሚተኛ ሐዘንተኛ ነው። ጢም የሚያሳድግ ሐዘንተኛ ነው። ይህን የማያውቅ የልደታ ልጅ የለም። እኔ ግን ያን ሰሞን ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው የሬዲዮኑ ድምፅ ስንት ላይ ሲደርስ እንደሚሰነጠቅ ብቻ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል፤ እኔ የብብቴ መውደቁን እንኳ አላወቅኩም።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድ እሁድ፣ ሰዉ ሞቅ ብሎት ድገመው ድገመው ሲለኝ፣ ድምፁን ከልኩ በላይ ከፈትኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም። አንዲት ረጅም ኖታ ይዤ ሳለሁ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ከሣጥኑ ጀርባ ጭስ ወጣና ዝም አለ። ሰዉ የጨረስኩ መስሎት አጨበጨበ። በማግስቱ ተሸክሜ ተክለ ሃይማኖት ወሰድኩት። ሠሪው ከፍቶ አየና ትራንስፎርመሩ አመድ ሆኗል፣ የዚህ ዓይነት ዕቃ ከእንግዲህ አይመጣም አለኝ። ሁለት ወር የዋሸሁት ውሸት እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። የሬዲዮኑን ሬሳ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ግቢው በር ላይ ወሎየዋ እየሮጠች ተቀበለችኝ። አባቴ ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። ስገባ ሰሌኑ ላይ ተኝተው ያቃስታሉ፤ የሲሚንቶው ብርድ ደረታቸው ገብቷል፤ ሰውነታቸው እሳት ነው። አልጋ ላይ እንውጣ ስላቸው እምቢ አሉ። ወሎየዋን ውኃ አምጪልኝ ብለው አስወጧትና እጄን ፈልገው ያዙኝ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ያወቅሁት ፊውዙን ያወጣህ ለት ነው» አሉኝ። «ይህን ዘዴ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? ለእኔ ብለህ ሁለት ወር ሙሉ የወንድምህን ሞት ብቻህን ተሸከምክ። ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚጠብቁ አላውቅም። እንግዲህ በቃ፣ አታስጨንቀው ራስህን። አልቅሼ ጨርሻለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ሁሉም ነገር፣ ጢሙ፣ ሰሌኑ፣ አትቸኩል ማለታቸው፣ ጣታቸው ፊውዙ ቦታ ላይ መቆየቱ፣ አንድ ላይ ገባኝ። ተንበረከክሁ። ከሞተው ሬዲዮ ጋር መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ የያዝኩትን እውነት ሁሉ ዘረገፍኩት።

«አባባ፣ ወንድሜ ሞቷል ያለኝ የለም» አልኳቸው። «ሬዲዮኑን የወሰድኩት ለጊታሬ ነው። ለሥራ ብዬ ሰርቄዎት ነው። ከስርቆቴ በቀር ምንም የደበቅኩዎት ነገር የለም፤ በእናቴ አጥንት!»

ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ነው የሚገድለኝ። እጄን መታ መታ አደረጉት።

«ጎሽ» አሉኝ። «እንዲህ ነው የሚዋሸው። ራስን ጥፋተኛ አድርጎ።»

ምን ላድርግ? ከወሎየዋ ትንሿን የባትሪ ሬዲዮ ተውሼ መጣሁ፤ ይኸው ዜናውን ይስሙ፣ ቤታችን ሐዘን ቢኖር እከፍተው ነበር ወይ አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዝጋው፣ ነውር ነው፣ ጎረቤት ይሰማል አሉ። ቀበሌ ሮጥኩ። ሠራተኛው መዝገቡን አገላብጦ የወንድምህ ስም አልመጣም፣ ደህና ነው፣ ደብዳቤ ይመጣል አለኝ። ይህንኑ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እነሱን እንዲህ በሉ ብዬ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ አሉኝ። የእድሩን ሽማግሌዎች ጠርቼ በመስቀል አስማልኳቸው፤ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ማሉላቸው። አባቴ በትሕትና አመሰገኗቸው። አንዱንም አላመኑም። ሠላሳ ዓመት የሰው ነገር በወረቀት ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው፣ የኔን አንዲት እውነት የሚቀበል ቦታ አልነበራቸውም፤ ቦታውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። መድኃኒቱን ከምላሳቸው ሥር እየደበቁ ይተፉት እንደነበር ነርሷ ኋላ ነገረችን። በስድስተኛው ቀን ዐረፉ። የቀበርናቸው ልደታ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ እየመጡ፣ አባቱን የጦረ ልጅ ብለው ትከሻዬን ይዘው ያጽናኑኛል። አባትህ በሬዲዮው ነገር አመስግነውሃል፣ እንዳንተ ያለ ልጅ ይስጠን አሉኝ። ባንድ መሪው መጥቶ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ተቀመጠና፣ ሲሄድ ቦታህ ይጠብቅሃል አለኝ። አልተመለስኩም።

ሰኔ ላይ ተኩስ ቆመ ተባለ። ክረምቱ አለፈ። በመስከረም አንድ ከሰዓት፣ ሱሪ እያጠብኩ፣ ግቢው በር ላይ እልልታ ሰማሁና ወዲያው ደግሞ እልልታው በመዳፍ ሲታፈን ሰማሁ። ወሎየዋ ነች። ሮጣ መጥታ የለበስኩትን ጥቁር ሸሚዝ ከላዬ ገፈፈችና የባሏን ነጭ ሸሚዝ በእርጥብ ገላዬ ላይ አጠለቀችልኝ። ወንድምህ መጥቷል፣ በሕይወት አለ፣ ሽማግሌዎቹን ጠርቻለሁ፣ ንጋት ላይ ይነግሩታል፤ እስከዚያ ጠንክር፣ እንዳታለቅስበት አለችኝ።

ገባ። ከስቷል፤ ግራ እግሩን ይጎትታል። መቀሌ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የከረመው። አቀፈኝና አናቴን ኮርኮም አደረገኝ። ከዚያ ዙሪያውን አየ፤ አልጋውን አየ፣ ግድግዳውን አየ።

«አባባስ?» አለኝ።

እንጦጦ ጸበል ሄደዋል፣ ለዓይናቸው አልኩት። እንዲህ ያለውን ውሸት ከሊቅ ነው የተማርኩት።

ዓይኑ መደርደሪያው ላይ፣ ባዶው ዳንቴል ላይ ዐረፈ። አሁን አወቀ አልኩ። እሱ ግን ሳቀ። የጎደለ ጥርሱ እስኪታይ ሳቀ።

«ሬዲዮናቸውንም ተሸክመው!» አለ። «እንግዲያው የኛን መመለስ ሰምተዋላ። የቆሰሉት ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነው ተብሎ ሰሞኑን በዜና ተነግሯል።»

«አዎ» አልኩት። «ሰምተዋል።»

ተመስገን ብሎ ጫማውን ሳያወልቅ የአባቴ አልጋ ላይ ተጋደመ፤ እኔም የሚበላ ላመጣለት ወጣሁ።